ርካሽ ቤትና ጽኑ ቤት፤ ከተሞችን በኪራይ ስለ ማወዳደር የቀረበ ትችት

የአንዱን ከተማ ኑሮ ከሌላው ከተማ ኑሮ ጋር ማወዳደር የተለመደ የምርምር ዘዴ ሆኗል። ነገሩ ስለ መኖሪያ ቤት ሲሆን አብዛኛው ንጽጽር የሚጀምረውም የሚያበቃውም በአንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም አንድ ቤተሰብ ከወር ገቢው ከመቶ ስንቱን ለቤት ይከፍላል የሚለው ነው። ክፍያው ከ30 ከመቶ በታች ከሆነ ቤቱ በአቅም የሚገኝ ነው ይባላል፤ ከዚያ ካለፈ ቤተሰቡ ከአቅም በላይ ተጭኖበታል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህን መለኪያ ነው። አሳባችንም ባጭሩ የሚከተለው ነው። የቤት ርካሽነትና የቤት ጽናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ቁጥር የሚመዝን ንጽጽር ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ከቤቱ ሊነሣ የሚችለውን ሰው ከሁሉ የተሻለ ኑሮ እንዳለው አድርጎ ይቈጥረዋል። ለዚህ አባባላችን አራዳንና ፒያሳን ምስክር እናደርጋለን፤ ናይሮቢንና ካይሮን ደግሞ ለማነጻጸሪያ እናቀርባለን።

1ኛ፤ የመለኪያው ምንጭ

የ30 ከመቶ ወሰን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የተወለደበት አገርና ዘመን አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 የብሩክ ማሻሻያ በተባለው ሕግ፥ በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ ችግረኞች ከገቢያቸው ከ25 ከመቶ በላይ ኪራይ እንዳይከፍሉ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1981 ወሰኑ ወደ 30 ከመቶ ከፍ አለ። እንግዲህ ሕጉ የተጻፈው ለታወቀ ቤት፥ ለታወቀ አከራይና ለታወቀ ገቢ ነበር። አከራዩ የመንግሥት አካል ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ተከራዩም ገቢውን በማስረጃ ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከሕጉ ተለይቶ ብቻውን መጓዝ ጀመረ፤ የዓለም ከተሞችም ሁሉ በእርሱ ይመዘኑ ዘንድ ተለመደ።

ይህ መለኪያ ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ ሦስት እንቅፋቶች ያጋጥሙታል። የመጀመሪያው የገቢው ጉዳይ ነው። በፒያሳ ዙሪያ የሚኖረው ሰው ሁሉ በወር መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበል አይደለም። ጉልት የምትቸረችር ሴት፥ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፥ ዕቃ የሚሸከም ጎልማሳ ገቢያቸው የዕለት ነው፤ የክረምቱ ወር ከበጋው ወር ጋር አይተካከልም። ከመቶ ሠላሳ ለማለት በመጀመሪያ መቶው መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው እንቅፋት የቦታው ነገር ነው። አንድ ሠራተኛ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል፤ ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ብቻ የወሰድናቸው መሆኑን አንባቢ ይረዳልን። ሠላሳ ከመቶው 1,800 ብር ነው። ይህ ሰው በሥራው አጠገብ 1,900 ብር ከፍሎ ቢኖርና በእግሩ ቢመላለስ መለኪያው ከአቅሙ በላይ እንደ ከፈለ ይቈጥረዋል። ባልንጀራው ግን ከከተማው ዳር 1,200 ብር ከፍሎ ይኖራል፤ ለታክሲ በቀን 40 ብር ያወጣል። በ26 የሥራ ቀን 1,040 ብር ለመንገድ ይከፍላልና ጠቅላላ ወጪው 2,240 ብር ይደርሳል። በመለኪያው ፊት ግን የተደላደለው ይኸኛው ነው። የሚነጋበትና የሚመሽበት መንገድ፥ ከልጆቹ ጋር የማይውልበት ሰዓት፥ ከሂሳቡ ውጪ ይቀራል።

ሦስተኛውና ዋነኛው እንቅፋት ግን መለኪያው ስለ ጊዜ አንዳች የማይናገር መሆኑ ነው። ዛሬ ስንት እንደሚከፈል ይነግረናል፤ ያው ሰው የሚመጣውን ዓመት በዚያው ቤት ያሳልፍ እንደሆነ ግን አይነግረንም። ይህን ከአራዳ የተሻለ የሚያስረዳ ስፍራ አናገኝም።

2ኛ፤ የአራዳ ቤት የረከሰበት ምክንያት

አራዳ የከተማዋ የቀድሞ ገበያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ንግዱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተሰባስቦ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈዩበት ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወሩት። ፒያሳ የሚለው ስምም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ሰውን ከቦታው ማንሣት ትናንት የተጀመረ ነገር አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የሰፈሮቹ አመሠራረትም የሚታወስ ነው። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ግቢ ሲያቀኑ፥ ሎሌውና ወታደሩ፥ አንጥረኛውና ጠላ ሻጩ በግቢው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። በዚህም ምክንያት የባለጠጋው ቤትና የድኻው ቤት በአንድ አጥር ተጎራብተው ኖሩ። በኋላም ባለመሬቶች በየግቢያቸው ትናንሽ የጭቃ ቤቶች እየሠሩ ማከራየትን እንደ መተዳደሪያ ያዙት። የከተማው ነዋሪ አብዛኛው ተከራይ፥ መሬቱ ግን በጥቂቶች እጅ የነበረበት ዘመን ነበር።

ይህ ሥርዓት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 ተገለበጠ። በአዋጁ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ብቻ ተፈቀደለት፤ ቤትን በግል ማከራየት ተከለከለ። ኪራያቸው እስከ 300 ብር የነበሩ ቤቶች እንደየደረጃቸው ከ15 እስከ 50 ከመቶ ቅናሽ ተደረገላቸው። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በአራዳ የነበሩት አብዛኞቹ የጭቃ ቤቶች በዚህ መንገድ የቀበሌ ቤት ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በከተማዋ የቀበሌ አስተዳደር በወረዳ ሲተካ እንኳ ስሙ አልተለወጠም፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቀበሌ ቤት ይላል።

ያ ኪራይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ባለበት ቈመ። የብር የመግዛት ኃይል ሲወርድ ኪራዩም አብሮ ከምንም የማይቈጠር ሆነ፤ የወር ኪራያቸው ከአንድ ስኒ ማኪያቶ ዋጋ ያነሰ ቤቶች ነበሩ። በ30 ከመቶ መለኪያ ሲታይ እነዚህ ተከራዮች ከዓለም ከተሞች ነዋሪዎች ሁሉ የታደሉ ናቸው። እውነትም ጥቅሙ ትልቅ ነበር። ጡረተኛው፥ ባሏ የሞተባት እናት፥ የዕለት ሠራተኛው በከተማዋ እምብርት ለመኖር የቻሉት በዚህ ነው። ልጆቻቸውም በእግራቸው ደርሰው በሚመለሱበት ትምህርት ቤት ተማሩ።

ነገር ግን ርካሽነቱ ሌላም ዋጋ ነበረው። ከኪራይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩም ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስ ወይም ክፍል መቀጠል አይችልም። ስለዚህ ቤቱ እያረጀ፥ ቤተሰቡ እየበዛ ሄደ። ከጣራው ሥር ቆጥ ተሠራ፤ ያገባው ልጅ በዚያው ቀረ፤ ደባልም ገባ። ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ፥ ለአንድ ግቢ አንድ የውሃ ቧንቧ የተለመደ ነበር። የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መተላለፊያም ብዙ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ተከራዩ በእጁ የነበረው ሰነድ ኪራይ የከፈለበት ደረሰኝና የኪራይ ውል እንጂ የይዞታ ካርታ አልነበረም። ሦስት ትውልድ የኖረበት ቤት በሰነድ ሲታይ የወር ኪራይ ቤት ነበር።

3ኛ፤ በ2016 ዓ.ም. የታየው

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ወቅት የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀምሮ የፒያሳና የአካባቢዋ አሮጌ ሰፈሮች መፍረስ ጀመሩ። ዶሮ ማነቂያን የመሰለ ስሙ በከተማው ሁሉ የታወቀ ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ነዋሪዎቹም በአብዛኛው ከከተማዋ ዳር ወዳሉ ሰፈሮች ተዛወሩ።

የእኛ ጥያቄ ማፍረሱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው አይደለም፤ የትኛው ነዋሪ ምን ይዞ ወጣ የሚለው ነው። የይዞታ ካርታ ያለው ባለቤት በሕግ ካሳና ምትክ ቦታ የመጠየቅ መብት ነበረው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ለመግባት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ለመከራየት አማራጭ ቀረበለት። በስሙ ውል ያልነበረው፥ ከቀበሌው ተከራይ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ የኖረው ሰው ግን በሰነድ ያልታወቀ ስለሆነ የሚጠይቅበት በር ጠባብ ነበር። ሦስቱም በአንድ ግቢ ኖረው ይሆናል፤ ሦስቱም ቡናቸውን አብረው ይጠጡ ነበር ይሆናል። በ30 ከመቶ መለኪያ ሲታዩ ሦስቱም ከወሰኑ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። በጽናት ሲመዘኑ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው።

ኮንዶሚኒየም የተባለውም አማራጭ ያለ ሂሳብ አልመጣም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ገደማ በስፋት ሲጀመር ዓላማው አነስተኛ ገቢ ላላቸው ነበር። በ2005 ዓ.ም. እንደገና በተደረገው ምዝገባ 20/80 የተባለው ክፍል ገዢው 20 ከመቶ እንዲቈጥብ፥ 80 ከመቶውን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር እንዲከፍል ይጠይቃል። ትናንት ጥቂት ብር ኪራይ ይከፍል ለነበረ ቤተሰብ የወር የባንክ ዕዳ አዲስ ኑሮ ነው። ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ክፍል ፈልገው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ርካሽ የነበረው ጽኑ አልነበረም፤ ጽኑ የሆነው ደግሞ ርካሽ አልሆነም።

በቁጥር የማይገባ ሌላም ነገር አለ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባል በከተማችን ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ ስሙም እድር ነው። እድር በሰፈር የተመሠረተ ነው፤ ድንኳኑ፥ ወንበሩ፥ የቀብር ገንዘቡ በዓመታት መዋጮ የተጠራቀመ ነው። የአንድ ሰፈር ሰዎች ወደተለያየ አቅጣጫ ሲበተኑ ለኀዘን ቀን ያስቀመጡት ዋስትና ይላላል። የሰፈሩ ባለሱቅ በዱቤ የሚሰጠው በእምነት ነው፤ እምነቱ ከሰውየው ጋር በመኪና አይጫንም። አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው ይህ ሁሉ ከገቢው ክፍል ነው፤ የንጽጽር ሠንጠረዥ ግን ዓምድ አላዘጋጀለትም።

4ኛ፤ ናይሮቢና ካይሮ

አሁን ሁለቱን ከተሞች እንይ። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ጋር በዕድሜ የምትቀራረብ፥ እ.ኤ.አ. በ1899 ከባቡር መንገድ ጋር የተወለደች የደጋ ከተማ ናት። እዚያ ከ10 ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል ተከራይ ሲሆን አከራዩ ከሞላ ጎደል የግል ሰው ነው። የኪራይ ቁጥጥር ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚያየውም ችሎት አለ። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው በወር እስከ 2,500 ሽልንግ የሚከራየውን ቤት ብቻ ነው። የሽልንግ ዋጋ ሲወርድ ወሰኑ ስላልተሻሻለ የከተማዋ አብዛኛው ቤት ከሕጉ ጥላ ወጣ። እንግዲህ በእኛ አገር ቁጥሩ ሲደርቅ ቤቱ ከምንም የረከሰ ሆነ፤ በናይሮቢ ቁጥሩ ሲደርቅ ሕጉ ከምንም የማይገባ ሆነ። አንዱ ምክንያት ሁለት ተቃራኒ ውጤት አፈራ።

ናይሮቢም የራሷ ዶሮ ማነቂያ ነበራት። ፓንጋኒ የተባለው አፍሪካውያን ራሳቸው የሠሩት ሰፈር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቅኝ አስተዳደሩ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ሻውሪ ሞዮ ወደተባለው የማዘጋጃ ቤት ሰፈር ተወሰዱ። በፓንጋኒ ባለቤት የነበረ ሰው በሻውሪ ሞዮ ተከራይ ሆነ። ቤቱ አዲስ ነበር፤ ሰውየው ግን ከነበረበት ደረጃ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጎርፉ በኋላም በማታሬና በሙኩሩ የወንዝ ዳር ቤቶች ሲፈርሱ የተከራዩ ሰዎች በሰነድ የሚያሳዩት አልነበራቸውም።

ካይሮ በዕድሜም በስፋትም ከእኛ ከተማ ጋር አትመሳሰልም። ነገር ግን በኸዲቭ እስማኤል ዘመን በአውሮፓ አምሳል የተሠራው መካከለኛ ክፍሏ ከፒያሳ ጋር የሚያነጻጽራት ነገር አለው፤ በዚያም ለአሠርት ዓመታት «አሮጌው ኪራይ» የተባለ ሥርዓት ኖሯል። ኪራዩ የደረቀ፥ ውሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አዳዲስ ውሎችን ነጻ ሲያደርግ አሮጌዎቹን እንደነበሩ ተዋቸው። የካይሮው አሮጌ ተከራይና የአራዳው የቀበሌ ተከራይ በ30 ከመቶ መለኪያ መንትዮች ነበሩ፤ ሁለቱም ከገቢያቸው እጅግ ጥቂት ይከፍሉ ነበር።

የተለያዩት ሥርዓቱ በሚያበቃበት መንገድ ነው። በግብፅ የአሮጌው ኪራይ መድረቅ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ለመወሰን የላዕላይ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተሰየመ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ነበር። ቀጥሎ ጉዳዩ ፓርላማ ቀረበ፤ በክርክርም እ.ኤ.አ. በ2025 ሕግ ቁጥር 164 ወጣ። ሕጉ ለመኖሪያ ቤት ሰባት ዓመት፥ ለሌላ አገልግሎት አምስት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጠ፤ ኪራዩም በተሻለው አካባቢ 20 እጥፍ፥ ቢያንስ 1,000 ፓውንድ እንዲሆን፥ በየዓመቱም 15 ከመቶ እንዲጨምር አደረገ። ይህ ለተከራዩ ቀላል አይደለም፤ ለሽማግሌ ሰባት ዓመት አጭር ነው። ነገር ግን ሰባት ዓመት ነው። የካይሮው ተከራይ ከመነሣቱ በፊት ፍርድ ቤትና ፓርላማ አልፈው ይመጣሉ፤ የአራዳው ተከራይ ዘንድ የሚመጣው የወረዳው ማስታወቂያ ነው። ይህ ልዩነት በኪራዩ መጠን ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው በውሉ ውስጥ ነው።

5ኛ፤ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ

የሚቃወመን ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። «እናንተ የጭቃ ቤትና የጋራ መጸዳጃ ታወድሳላችሁ። ብዙ ሰዎች ዛሬ የራሳቸው ውሃ፥ የራሳቸው መጸዳጃ፥ የሚቈለፍ በር አላቸው። ከተማ ካልታደሰ ይሞታል።» ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የነበረው ቤት ለሰው ልጅ የሚገባ እንዳልነበረ ከላይ ተናግረናል። ከተዛወሩት መካከል በአዲሱ ቤታቸው የተደሰቱ መኖራቸውንም አንክድም።

ነገር ግን ተቃውሞው ራሱ የእኛን ነጥብ ያጠናክራል። ቤት በግድግዳውና በጣራው ብቻ የሚመዘን ከሆነ መዛወሩ ትርፍ ነው፤ በኪራዩ ብቻ የሚመዘን ከሆነ መዛወሩ ኪሳራ ነው። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቁጥር ስለሚከራከሩ አይገናኙም። ጥያቄው ግን ሦስተኛ ነው፤ ይኸውም ነዋሪው በውሳኔው ውስጥ ምን ድርሻ፥ ምን ያህል ጊዜ፥ ምን ዓይነት ሰነድ ነበረው የሚለው ነው። መታደስና በችኰላ መነሣት አንድ ነገር አይደሉም።

ሌላው ተቃውሞ አዲሱን ሕግ የሚመለከት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጽናት በሕግ ተሰጥቷል፤ ምን ቀረ ይባል ይሆናል። አዋጁ ትክክለኛውን ነገር ስለነካ እናመሰግናለን፤ ከዋጋ አልፎ ስለ ጊዜ የሚናገር ሕግ ነውና። ነገር ግን የመጀመሪያውን የኪራይ ዋጋ አከራዩና ተከራዩ በስምምነት ይወስኑታል። በደላላ በኩል ቤት የሚፈልግ ሰው ከድርድሩ የሚያገኘው እምብዛም ነው። በጓሮ ሰርቪስ ቤት ያለ ውል የሚኖረውም ሰው አዋጁን እጠይቃለሁ ሲል ክፍሉን እንዳያጣ ይፈራል። ሁለት ዓመት ጥሩ ጅምር ነው፤ ልጅን ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ በአንድ ትምህርት ቤት ለማስተማር ግን አይበቃም።

6ኛ፤ መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ያልነው ማወዳደርን ለመተው አይደለም፤ በሚገባ ለማወዳደር ነው። ከተሞችን በኪራይ የሚያነጻጽር ተማሪ ከ30 ከመቶው በፊት አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ እንመክራለን። በመጀመሪያ፥ ይህን ነዋሪ ከቤቱ ሊያነሣ የሚችል ማን ነው፤ ባለቤቱ፥ ባለሥልጣኑ ወይስ ፍርድ ቤቱ? ሁለተኛ፥ ከማስታወቂያው እስከ መውጫው ስንት ቀን አለው? ሦስተኛ፥ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል፤ ካሳ፥ ምትክ ቤት፥ ወይስ ዕቃውን ብቻ? አራተኛ፥ በአዲሱ ስፍራ ሥራው፥ ትምህርት ቤቱና እድሩ ስንት ብርና ስንት ሰዓት ይርቁታል? እነዚህ ከተጠየቁ በኋላ ኪራዩ ይጠየቅ፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ትርጉም ያገኛል።

በዚህ ሚዛን ናይሮቢ ሕግ ኖሮት ጥላ የሌለው፥ ካይሮ ጥላው በዝግታ የሚነሣ፥ አራዳ ደግሞ ጥላው ሰፊ ሆኖ ምሰሶ ያልነበረው ሆነው ይታያሉ። ሦስቱም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ እንደ ርካሽና እንደ ውድ ብቻ ቢደረደሩ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ሥራው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከፒያሳ የተነሡ ሰዎች ዛሬ ያሉበት ይታወቃል፤ እድሮቻቸውም የአባላት መዝገብ አላቸው። ትዝታው ሳይደበዝዝ፥ ደረሰኙም ሳይጠፋ፥ ማን የት እንደነበረና አሁን የት እንዳለ፥ በወር ስንት እንደሚከፍልና ስንት ሰዓት በመንገድ እንደሚያጠፋ ቢመዘገብ፥ ነገ ሌላ ሰፈር ለማደስ የሚያቅድ ሰው የሚመራበት እውቀት ይገኛል። ይህ ካልተደረገ የሚቀጥለውም ሰፈር የሚመዘነው በዚያው በአንድ ቁጥር ነው።